ዋናው ፓስወርድ አብሮኝ እንዳይቀበር ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 58 ነው። ፓስወርዶቼን ሁሉ የማስቀምጠው ፓስወርድ ማኔጀር ውስጥ ነው፤ ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ ወይም ቁልፍ የሚጠይቀውን) አብርቻለሁ። ጥቂት ቢትኮይንም አለኝ። ብሞት፣ ወይም ስትሮክ መትቶኝ መናገር ቢያቅተኝ፣ ሁሉንም የምትረከበው ታላቋ ልጄ ናት። እሷ ግን የኮምፒውተር ነገር ብዙም አይሆንላትም። ማኔጀሩን የሚከፍተውን ዋናውን ፓስወርድ ጽፌ ለወንድሜ ልስጠው ብዬ አሰብኩ፤ ከፍቶ ያየዋል ብዬ ደግሞ ሰጋሁ። ኑዛዜዬ ውስጥ ልጻፈው? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ‹ሦስት ቦታ ቆራርጠህ አስቀምጠው› ይለኛል። የቱ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ሞትን አስቀድመው ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን ከስትሮኩ ልጀምር፤ ከባዱ እሱ ነው።

ሰው ሲሞት ወረቀት አለ። የሞት ምስክር ወረቀት ይወጣል፣ ወራሽ ይታወቃል፣ ባንኩም ሌላውም የሚሄድበት የተለመደ አሠራር አለው። ቢዘገይም ዳር ይደርሳል። ሰው ሆስፒታል ተኝቶ መናገር ሲያቅተው ግን ምንም ወረቀት የለም። ሰውየው በሕይወት አለ። አካውንቶቹ አሁንም የእሱ ናቸው። ልጁ ነኝ፣ ወንድሙ ነኝ ማለት ምንም አይከፍትም። ክፍያዎቹ ደግሞ ሰውየው እስኪነቃ አይጠብቁም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያዘጋጁት መንገድም ይህን ክፍተት አይሞላም። አፕል ከእ.ኤ.አ. 2021 መጨረሻ ጀምሮ «የውርስ ተጠሪ» እንዲመርጡ ይፈቅዳል። ተጠሪው ግን አካውንቱ ውስጥ የሚገባው አስቀድሞ ከተሰጠው ቁልፍ ጋር የሞት ምስክር ወረቀት ሲያቀርብ ነው። ኮማ ውስጥ ላለ ሰው አይሠራም። ጉግል ምስክር ወረቀት አይጠይቅም፤ አካውንቱ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ካለ እርስዎ ለመረጧቸው ሰዎች መረጃውን ይልክላቸዋል። ችግሩ ትንሹ የዝምታ ጊዜ 3 ወር ነው። ስልክዎ በራሱ ኢሜይል እየፈተሸ ከቆየ ደግሞ አካውንቱ ዝም ማለቱም ላይታወቅ ይችላል።

ስለዚህ የምመክርዎት ነገር ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይመዘን፦ እርስዎ ዛሬ ማታ ሆስፒታል ቢገቡ ልጅዎ በሦስት ቀን ውስጥ መግባት ትችላለች ወይ? ይህን የሚያልፍ ዝግጅት ለሞቱም በአብዛኛው ይበቃል። ለሞት ብቻ የተዘጋጀው ግን ይህን አያልፍም።

አሁን ወደ ፓስወርዶቹ። ከሁለት መቶዎቹ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልጓት ጥቂት ናቸው። የስልክዎ መክፈቻ፣ የስልክ ቁጥሩ ራሱ፣ ዋናው ኢሜይልና ፓስወርድ ማኔጀሩ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ይገኛል። የጠፋ ፓስወርድ በኢሜይል ይታደሳል፤ የማረጋገጫ ኮድ በስልክ ይመጣል። ላፕቶፕዎ ላይ ብቻ ያለ ነገር ካለ የላፕቶፑን መክፈቻም ይጨምሩ። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ አለው፤ የት እንዳስቀመጡት ይፈልጉት።

ስልኩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው እዚህ ነው። «ጣቱን አስነክተን እንከፍተዋለን» የሚል ሰው አይጠፋም። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቶ እንደገና ሲበራ ግን አሻራም ፊትም አይቀበልም፤ ፒኑን ካልነገሩት አይሰማም። ሆስፒታል የተኛ ሰው ስልክ ባትሪው ማለቁ ደግሞ አይቀርም። በግምት ደጋግሞ መሞከርም አያዋጣም። ስልኩ ይቆለፋል፤ አይፎን ላይማ ከ10 ስህተት በኋላ ሁሉንም አጥፋ የሚል ሴቲንግ አለ። እርስዎ አብርተውት ከሆነ ልጅዎ ይህን ማወቅ አለባት።

ሲም ካርዱ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ፒን ከሌለው ከተቆለፈው ስልክ አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ መክተት ይቻላል፤ በኤስኤምኤስ የሚላኩት ኮዶች ወደዚያ ይመጣሉ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። የሲም ፒን ካለው ግን 3 ጊዜ ከተሳሳቱ ፒዩኬ የሚባል ሌላ ኮድ ይጠይቃል፣ ፒዩኬውን 10 ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ዳግም ላይከፈት ይዘጋል። ኢሲም (ስልኩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ሲም) ከሆነ ደግሞ ተነቅሎ የሚተከል ነገር የለም፤ ያኔ የስልኩ ፒን የግድ ነው።

አንድ ነገር በትልቁ ይጻፉላት፦ የስልክ መስመሩ እንዳይዘጋ። ሰው ሲሞት ቤተሰብ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ቶሎ ከሚያቋርጣቸው ነገሮች አንዱ መስመሩ ነው። መስመሩ ሲዘጋ የባንኩም የኢሜይሉም ኮድ መድረሻ ያጣል። ቁጥሩም ጊዜውን ጠብቆ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። መስመሩ የመጨረሻው ተዘጊ ይሁን። ወርሃዊ ክፍያው ከእርስዎ ካርድ በራሱ የሚቆረጥ ከሆነም ካርዱ ሲታገድ መስመሩ አብሮ እንደሚቆም ያስቡበት።

ኮዱ በኤስኤምኤስ ሳይሆን በአፕ የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ይለያል። በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጠው ቁጥር የሚሰላው ስልኩ ላይ ከተቀመጠ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ባክአፕ ካልያዙለት ስልኩ ሲሰበር ቁልፉም ይሄዳል። ለዚህ ነው መጠባበቂያ ኮዶች ያሉት። ጉግል ለምሳሌ 10 ኮድ ይሰጥዎታል፤ እያንዳንዱ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የኢሜይልዎንና የማኔጀርዎን ኮዶች በወረቀት ያትሙ። እኔ ከዚህም የምወደው ሁለተኛ የደህንነት ቁልፍ ነው፤ ያቺ ፍላሽ የምትመስለው ትንሽ ዕቃ። አንዷን ለራስዎ፣ አንዷን ለልጅዎ አድርገው ሁለቱንም አካውንቱ ላይ ያስመዝግቡ። ቴክኖሎጂ ለማይሆንለት ሰው አፕ ከማስረዳት «ይህችን ሰክተሽ ንኪያት» ማለት ይቀላል።

አሁን ወደ ወንድምዎ እንምጣ። ስጋትዎ አያሳፍርም። ከፍቶ ቢያይ ወንድምዎ ክፉ ነው ማለትም አይደለም፤ የታሸገ ፖስታ ሰውን ይፈትናል። መፍትሔው የሰውን ጠባይ መመርመር አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ምንም እንዳይከፍት ማድረግ ነው።

ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ዋናው ፓስወርድ የተጻፈበት ፖስታ ወንድምዎ ጋ ይቀመጥ። የደህንነት ቁልፏ ወይም መጠባበቂያ ኮዶቹ ልጅዎ ጋ ይሁኑ። እሱ ፓስወርዱን ቢያይም ሁለተኛው ደረጃ ያስቆመዋል፤ እሷም ቁልፏን ይዛ ያለ ፓስወርዱ ምንም አታደርግም። ሁለቱ ሲገናኙ ይከፈታል። የሁለቱም ቅጂ ደግሞ በሌላ ሦስተኛ ቦታ፣ ለየብቻው ታሽጎ ይኑር፤ ቤት ሊቃጠል፣ ሰውም ቀድሞ ሊሞት ይችላል። ፖስታው ማሸጊያ ላይ ፈርመው ግልጽ ፕላስተር ይለጥፉበት። ይህ ማንንም አያግድም፤ ከተከፈተ ግን ይታወቃል። ሲያዩት ተከፍቶ ካገኙት ፓስወርዱን ይቀይራሉ፣ አለቀ።

አንዳንድ ማኔጀሮች ይህን ያለ ወረቀት ይሠሩታል። ቢትዋርደን በሚባለው ማኔጀር ላይ «የአደጋ ጊዜ መግቢያ» የሚባል ነገር አለ። አንድ ሰው ይመርጣሉ፣ የመጠበቂያ ጊዜ ይወስናሉ፤ ከ1 ቀን እስከ 90 ቀን። ያ ሰው «ልግባ» ብሎ ሲጠይቅ ለእርስዎ ኢሜይል ይደርስዎታል። ደህና ከሆኑ ይከለክላሉ። ዝም ካሉ ቀኑ ሲሞላ ይከፈትለታል። ሥልጣኑም በሁለት ይከፈላል፦ ማየት ብቻ፣ ወይም አካውንቱን ጠቅልሎ መረከብ። ለልጅዎ ማየት ይበቃታል። ስንት ቀን ላድርገው ካሉኝ 2፣ ቢበዛ 7 እላለሁ። ብዙ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ 30 ያደርገዋል። ስትሮክ ለመታው ሰው ቤተሰብ ግን 30 ቀን ዕድሜ ነው።

ዋን ፓስወርድ የተባለውን ማኔጀር የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር አይርሱ። ከዋናው ፓስወርድ ሌላ «ሚስጥራዊ ቁልፍ» የሚባል 34 ፊደልና ቁጥር አለ። በአዲስ ኮምፒውተር ለመግባት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኩባንያው ይህን የሚጻፍበት «የአደጋ ጊዜ ኪት» የሚል ወረቀት ያዘጋጃል፤ ብዙ ሰው አውርዶ እዚያው የተቆለፈው ላፕቶፕ ውስጥ ይተወዋል። ያትሙት።

ወረቀቱ ላይ ስለ አጻጻፉም አንድ ቃል። ዜሮንና ኦን፣ አንድንና ትንሿን ኤል ለይቶ የማያሳይ የእጅ ጽሑፍ ስንት ሰው ከበር መልሷል። ዋናውን ፓስወርድ ከአምስት ስድስት ተራ ቃላት ቢሠሩት ይሻላል። ቃላቱን በዕጣ ይምረጧቸው፤ ከራስዎ ጭንቅላት አያውጧቸው። ጥንካሬውም አይቀንስም፣ ለጻፊም ለአንባቢም ይመቻል።

የባልደረባዎ ምክር ግማሹ ልክ ነው፤ «ቆራርጠህ» ያለው ግን ስህተት ነው። 12 ፊደል ያለው ፓስወርድ ለሁለት ቢቆረጥ፣ ግማሹን የያዘና የተቆለፈው ፋይል እጁ የገባ ሰው የቀረውን 6 ፊደል በኮምፒውተር ፈትሾ ሊያገኘው ይችላል። ሦስት ቦታ ቢቆረጥ ደግሞ አንዱ ቁራጭ ሲጠፋ ሁሉም ጠፋ። የተዳከመም በቀላሉ የሚጠፋም ፓስወርድ ሆነ ማለት ነው።

እሱ ሳያስበው የጠቀሰው ትክክለኛው ዘዴ የምስጢራዊ ኮድ ሊቁ የአዲ ሻሚር ነው። ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ሐሳብ ቆንጆ ነው። በአንድ ነጥብ ላይ የሚያልፉ ቀጥ ያሉ መስመሮች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ በሁለት ነጥቦች የሚያልፈው ግን አንድ ብቻ ነው። ምስጢሩን መስመሩ ላይ ይደብቁና ለሦስት ሰው ሦስት ነጥብ ይሰጣሉ። የትኞቹም ሁለቱ ሲገናኙ መስመሩ ይታወቃል፣ ምስጢሩም ይወጣል። አንዱ ብቻውን ግን ትንሽ እንኳ አይማርም፤ በግምትም አይቀርብም። አንዱ ነጥብ ቢጠፋም በሁለቱ ይሠራል።

እንዲህ እያደነቅኩት ለእርስዎ አልመክረውም። በኀዘን ወይም በድንጋጤ ላይ ያለች ልጅ ሁለት ወረቀት ይዛ፣ የትኛው ፕሮግራም እንደሠራው አጣርታ፣ አገናኝታ ትከፍታለች ብዬ አላምንም። ከሌባ ይልቅ ውስብስብነት ነው ብዙ መረጃ ያስቀረው። ሻሚርን ለትልቅ የክሪፕቶ ገንዘብ ያቆዩት። እሱም ዘዴው አብሮት የተሠራ የሃርድዌር ዋሌት (የክሪፕቶ ቁልፍ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ) ካለዎት ብቻ፤ ትሬዞር አንዱ ነው።

ኑዛዜውን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይጻፉት። በብዙ አገር ኑዛዜ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ማንም ሊያየው የሚችል ሰነድ ይሆናል። የሚከፈተው ከሞት በኋላ ስለሆነ ለስትሮኩ አይጠቅምም። ፓስወርድ በቀየሩ ቁጥርም ምስክር ጠርተው ኑዛዜ ሊያድሱ ነው። ኑዛዜው «ዲጂታል ንብረቴን የሚረከበውና የሚያስተዳድረው እገሌ ነው» ይበል። እንዴት እንደሚገባ የሚያስረዳው ወረቀት ሌላ ቦታ ይሁን።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 የሟች ልጃቸውን የፌስቡክ አካውንት ለጠየቁ ወላጆች ፈርዷል፤ አካውንቱ እንደ ደብዳቤና ማስታወሻ ይወረሳል ብሎ። በአሜሪካ ብዙዎቹ ግዛቶች የተቀበሉት የእ.ኤ.አ. 2015ቱ ሞዴል ሕግ ደግሞ አገልግሎቱ ራሱ ባቀረበው መምረጫ ላይ የሰጡትን ውሳኔ ከኑዛዜም ያስቀድማል። ማለትም ከዓመታት በፊት ጉግል ላይ ሳያስቡት የመረጡት ሰው፣ ዛሬ በኑዛዜ የጻፉትን ሊሽረው ይችላል። ገብተው ይዩት።

ውክልና ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል። ሁለተኛ፣ በብዙ አገር ተራ ውክልና ወካዩ አእምሮው መወሰን ሲያቅተው ያበቃል፤ በጣም በሚያስፈልግበት ቀን ማለት ነው። ከአቅም ማጣት በኋላም እንዲቀጥል ከተፈለገ ይህን በግልጽ የሚል ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በሚኖሩበት አገር ያለ ጠበቃ ዘንድ ሄደው ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ።

ባንክ ላይ ጥንቃቄ ላሳስብ። የባንክ ፓስወርድ በእጇ ስላለ ብቻ ልጅዎ ገብታ ገንዘብ ብታዛውር፣ በተለይ ከሞትዎ በኋላ፣ ከሌሎች ወራሾችም ከሕግም ጋር ልትጣላ ትችላለች። ወረቀቱ ላይ የባንኮቹን ስምና ምን ዓይነት ሂሳብ እንዳለ ብቻ ይጻፉ። ገንዘቡ የሚወጣው በባንኩ በር ነው። ለሆስፒታሉ ወቅት አሳሳቢ ከሆነ የጋራ ሂሳብ ወይም ከባንኩ ጋር የተፈረመ ውክልና ይሻላል።

ቢትኮይኑን ከሌላው ለይቼ ላየው። እዚህ የሚደወልበት የለም፣ የሚያድስ የለም፣ ምስክር ወረቀት የሚቀበል የለም። ገንዘቡ ያለው ዋሌቱን ሲከፍቱ በተሰጡዎት 12 ወይም 24 ቃላት ውስጥ ነው፤ እነሱ ከሌሉ ለልጅዎ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቃላቱን ከሌላው ፖስታ ጋር አንድ ላይ አያድርጉ። ፎቶም አያንሷቸው፣ ክላውድም ላይ አያስቀምጧቸው። ብረት ላይ ወይም ጥሩ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተላቸው ጽፈው ካዝና ውስጥ ያኑሯቸው። በዋናው ደብዳቤ ላይ መኖሩንና ቦታውን ብቻ ይንገሩ። በቃላቱ ላይ የራስዎን ተጨማሪ ማለፊያ ቃል ጨምረው ከሆነ እሱም ይመዝገብ፤ ያለ እሱ የሚከፈተው ዋሌት ባዶ ነው፣ ልጅዎም «ምንም አልነበረውም» ብላ ትሄዳለች። ሌላም ያስጠንቅቋት፦ «ቃላቱን እዚህ ድረ ገጽ ላይ አስገቢና እናወጣልሻለን» የሚላት ሁሉ ሌባ ነው። ገንዘቡ በመገበያያ ኩባንያ የተቀመጠ ከሆነ ግን ነገሩ እንደ ባንክ ነው፤ ወራሽ በወረቀት ይጠይቃል።

በነገራችን ላይ፣ ኳድሪጋ የተባለው የካናዳ የክሪፕቶ መገበያያ መሥራች እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሕንድ ውስጥ ሲሞት «ፓስወርዱ አብሮት ተቀበረ» ተብሎ ዓለም ሁሉ አወራው። ሲመረመር ግን አብዛኞቹ ዋሌቶች ከሞቱ ከወራት በፊት ባዶ ሆነው ተገኙ፤ የገበያ ተቆጣጣሪው የኦንታሪዮ ሴኩሪቲስ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2020 ማጭበርበር ነበር ብሏል። ይህን ታሪክ ለማስፈራሪያ የሚያመጣልዎት ሰው ግማሹን ነው የነገረዎት።

የኩባንያዎቹን መምረጫዎች አጣጥዬ ጀመርኩ እንጂ ይሙሏቸው። ጉግል እስከ 10 ሰው፣ አፕል እስከ 5 ሰው ይቀበላል። የአፕሉ ተጠሪ ፎቶና ፋይል ያገኛል፤ በኪቼይን (በአፕል የፓስወርድ ማስቀመጫ) የተቀመጡ ፓስወርዶችን ግን አያገኝም፤ የሚገባውም ለ3 ዓመት ብቻ ነው። የፌስቡክ ተጠሪ ገጹን ይንከባከባል፣ መልእክት ማንበብ አይችልም። ጊዜም አለው፦ ጉግል 2 ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላል፤ ዋትሳፕ ለ120 ቀን ያህል ዝም ያለ አካውንት ይሰርዛል። የቤተሰብ ፎቶ እዚያ ካለ ልጅዎ ይህን ትወቅ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ላንሳ። ሁሉም ነገር መተላለፍ የለበትም። በመልእክትዎ ውስጥ ወዳጆችዎ ለእርስዎ ብቻ የነገሯቸው ነገሮች አሉ፤ እነሱ ለልጅዎ አልነገሯትም። የሥራ ፓስወርድ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ለቤተሰብ አይሰጥም። ማኔጀርዎ ውስጥ ከፍላጎትዎ ውጭ ማንም እንዳያይ የሚሹት ካለ አሁኑኑ ሌላ ቦታ ይለዩት ወይም ያጥፉት። «ይህን ሳታይ አጥፊ» የሚል ማስታወሻ ማንንም አስቁሞ አያውቅም።

ሁሉንም ከጨረሱ በኋላ አንድ ቅዳሜ ልጅዎን ይጥሯት። ወረቀቱን ይስጧት፣ አጠገቧ ይቀመጡ፣ ግን አይናገሩ። ከስልኩ ጀምራ እስከ ማኔጀሩ በራሷ ትግባ፤ ከተቻለ በራሷ ኮምፒውተር፣ ምክንያቱም የእርስዎ ኮምፒውተር እርስዎን ስለሚያውቅ ብዙ አይጠይቅም። የሆነ ቦታ ትቆማለች። ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ይቆማሉ። «ይህን ኮድ ከየት ላምጣ?» ያለችበትን መስመር ወረቀቱ ላይ አስተካክለው እንደገና ይጻፉ። አዲሱን በየቦታው ሲያስቀምጡ የድሮዎቹን ቅጂዎች አንድ በአንድ ሰብስበው ይቅደዱ፤ አለበለዚያ በዚያች ቀን እጇ የሚገባው የትኛው እንደሚሆን አይታወቅም።